ከመስተዋት ባሻገር ያለውን ፎቶግራፍ ስለማንሣት



መስተዋት የወደቀበትን ብርሃን ሁሉ አያሳልፍም፤ እያንዳንዱ ገጹ ከመቶ 4 ያህሉን ይመልሳል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን የድንቅነሽን ቅጂ በብሔራዊ ሙዚየም የሚያነሣ ባለሙያ፣ ከአጥንቱ ጋር የገዛ ሸሚዙንም አንሥቶ ይመለሳል። ጉዳቱ የውበት ብቻ አይደለም፤ በምስሉ ላይ ያረፈ ነጸብራቅ ለተመራማሪ ስንጥቅ ሊመስል ይችላል።

ስለሆነም ፍላሹ ይጥፋ፤ ከካሜራው በስተኋላ ጥቁር ጨርቅ ይዘርጋ፤ የሌንሱም አፍ በላስቲክ ቀለበት ተከልሎ ወደ መስተዋቱ ይጠጋ። ይህ ካልተቻለ፣ ከመስተዋቱ ገጽ 34 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ የፖላራይዘር ማጣሪያውን ማዞር ነጸብራቁን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። ሆኖም አዘንብሎ የተነሣ ምስል ለልኬት አይበጅም፤ ለልኬት የሚሻለው ያው ጥቁር ጨርቅ ነው፤ እርሱንም ለመዘርጋት የጥበቃውን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።