ከአንኮበሩ ውል ምን ተረፈ?



እስቲ ከዚህ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አንኮበር ልውሰዳችሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የውጭ ሰው ያለ ንጉሡ ፈቃድ ሸዋ አይገባም፤ ከገባም አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ ልዑክ መድፍና ጠመንጃ በስጦታ ይዞ መጣ፤ በኅዳርም የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ውሉ ለእንግዳ መንገድ የሚከፍት፣ እዚህ የሞተ የውጭ ሰው ንብረት እንዳይወረስ የሚከለክል ነበር። ትልቅ ማሻሻያ እኮ ነው! ልዑኩ ግን በ1843 ሄደ፤ ውሉም ከወረቀት ብዙም አላለፈ። ጠመንጃው እዚሁ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1879 ደግሞ አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ምኒልክ ዘንድ አንኮበር ደረሰ። እሱም ቢሆን መሣሪያ በማስመጣት ረድቷል። ነገር ግን አማርኛ ተማረ፤ ከ25 ዓመት በላይ ቆየ፤ ድልድይ ሠራ፤ የባቡሩን ሐዲድ አስጀመረ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ ዕቃ አስረክቦ ሄደ፤ ሌላው ከሰው ጋር ሠራ።

እኔ በማውቀው አንድ ቤተ ሙከራ በእርዳታ የመጣ መሣሪያ የሚጠግነው ጠፍቶ አቧራ ለብሷል። እንግዲህ ከውጭ ተቋም ጋር ስንፈራረም "ምን ትሰጡናላችሁ?" ብቻ ሳይሆን "ስትሄዱ ማን ይችለዋል?" ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ለመምህራኖቻችን ብቻ አይደለም፤ ውጭ አገር ላለነው ተመራቂዎችም ነው።