ቆርቆሮው ከመገዛቱ በፊት፤ ስለ አዲስ ቤት ክፍሎች አደላደል



በዚህ በአብነት የዕድር አዳራሽ ከተሰበሰባችሁት አብዛኞቹ ከየገጠሩ መጥታችሁ በዘመድ ቤት ያረፋችሁ እንደ ሆናችሁ ዐውቃለሁ። አዝመራው ገብቷል፤ እህሉም ተሸጧል። ነገ ጧት ወደ መርካቶ ወጥታችሁ ቆርቆሮና ምስማር ትገዛላችሁ፤ ገንዘብ ማትረፍ የፈለገም ከምናለሽ ተራ ያገለገለ በርና መስኮት ይፈልጋል። ለአዲስ ቤት እንኳን አበቃችሁ። እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ቤት ሠርቼም አላውቅም። ነገር ግን የጤና መኰንን እንደ መሆኔ በየቤቱ እየገባሁ የታመመ ሕፃን አያለሁና ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

በገጠራችን ቤት የሚለካው በቆርቆሮ ቍጥር ነው። «እገሌ የ40 ቆርቆሮ ቤት ሠራ» ይባላል። ስንት ክፍል እንዳለው፣ እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ልጁ የት እንደሚተኛ ግን ጠያቂ የለም።

እኔ ያደግሁት እዚሁ አብነት ነው። ቤታችን ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በቀበሌ የሚከራይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነበር። ከጎረቤት የሚለየን ግድግዳ እስከ ጣራው ስላልደረሰ እነርሱ በርበሬ ሲያቁላሉ እኛ እናነጥስ ነበር። ምድጃችን የነበረው በበሩና በአልጋው መካከል ነው፤ ሌላ ቦታ የለማ! አንድ ቀን ማታ ታናሽ እኅቴ ወደ ደጅ ስትሮጥ የፈላ ሽሮ ክንዷ ላይ ተገለበጠ። ጠባሳው ዛሬም አለ። እናቴ ለብዙ ዓመት ራሷን ስትወቅስ ኖረች። እኔ ግን ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ቤት አሠራር ስማር ነው ነገሩ የገባኝ፤ የቤቱ መተላለፊያ በእሳቱ አጠገብ ነበርና አደጋው የሚቀር አልነበረም። እኛ ቦታ አጥተን ነው። እናንተ ግን ቦታው አላችሁ።

እንግዲህ የ40 ቆርቆሮው ቤት ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር ነው እንበል። ብዙ አባወራ 5 በ5 የሆነውን ሳሎን ያደርገዋል። ለእንግዳ ነው፤ ለማኅበር ነው፤ ለሠርግ ነው። በቀረው 3 በ5 አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ የእህል ጆንያ፣ አንዳንዴም ፍየሏ ጭምር ያድራሉ። ማድ ቤትማ ከነጭራሹ ተረስቶ፣ ኋላ በተረፈ እንጨት ከግድግዳው ጥግ ይለጠፋል። እንግዳ በዓመት ስንት ቀን ይመጣል? ልጆቻችሁ የሚተኙት ግን በየሌሊቱ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ ካነሰ ሳሎኑ ይነስ እላለሁ። በዚህ የሚቀየሙኝ አባወራዎች እንዳሉ ከፊታቸው ይታየኛል፤ ግድ የለም።

እኔ ብሆን 3 ሜትሩን ለሳሎን አደርጋለሁ። ቀጣዩን 3 ሜትር ለሁለት ከፍዬ አንዱን ለባልና ሚስት፣ አንዱን ለልጆች መኝታ እሰጣለሁ። የቀረው 2 ሜትር በውጭ በኩል የራሱ በር ያለው የዕቃ ቤት ይሆናል። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ እስከ ጣራው ይድረስ። ለመኝታ ክፍል ሁሉ መስኮት ይኑረው፤ መስኮቱም የሚከፈት ይሁን። «ብርድ ይመታናል» ብላችሁ በጨርቅ የምትወትፉት ከሆነ ምስማሩም ገንዘቡም ለምኔ! የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው ታማሚው ሲያስል በሚወጣው አየር ነው፤ የታፈነ ክፍል ይመቸዋል፤ ነፋስና ፀሐይ ግን ያዳክሙታል።

ማድ ቤቱ ከትልቁ ቤት ጥቂት ርምጃ ርቆ ለብቻው ይቁም። በበጋ ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ ሦስት አራት ቀን ተመልከቱና ጭሱ ወደ መኝታ ቤቱ በማይሄድበት ወገን አድርጉት። ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ይውጣለት፤ ከጣራው ሥርም ጭስ መውጫ ይተው። የዓለም የጤና ድርጅት በሰጠው ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እንጀራ ሲጋገር እናቱ የምትስበውን ጭስ እርሱም ይስባል፤ ሳንባው ግን ገና ለጋ ነው።

ምድጃው በር አጠገብ ወይም በመካከል አይሁን፤ ከግድግዳ ተጠግቶ በጭቃና በድንጋይ እስከ ወገብ ከፍ ይበል። ዳዴ የሚል ልጅ አይደርስበትም፤ እናትም ጎንበስ ብላ አትውልም። ምርጥ ምድጃ መግዛት የቻለ እዚያው ላይ ያሳርፈው። ውኃውና እሳቱ በአንድ ወገን ከሆኑ ልጁ ለመጠጣት በመጣ ቍጥር እሳት አጠገብ ያልፋልና ውኃው በበሩ በኩል ይቀመጥ።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ነገር ልናገር። የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዝ የሆነ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በስንጥቅና በቀዳዳ ያልፋል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል፤ ሕፃናት ደግሞ ይብሳሉ። እህሉን ሌባ እንዳይነካው ብሎ ክኒን የገባበትን ጆንያ ከአልጋ ሥር የሚያኖር አባወራ አለ። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ እህል ሰው በሚተኛበት ጣራ ሥር አይደር፤ በዕቃ ቤቱ እንኳ ቢሆን! ጎተራው ከቤቱ ርቆ ይሠራ። አለዚያም አየር የማያስገባውን የእህል ከረጢት ግዙ፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታልና ክኒን አያስፈልግም።

ከብቱስ? «ጅብ አለ፤ ሌባ አለ፤ ከብቴን ሜዳ ላይ ላሳድር?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በረቱ ራቅ ማለት ካልቻለ በቤቱ ጫፍ ይያያዝ፤ ነገር ግን የራሱ በር ይኑረው፣ ወደ መኝታ የሚከፈት ቀዳዳ አይኑረው፣ ወለሉም ከሰው ወለል ዝቅ ብሎ ሽንቱ ወደ ውጭ ይፍሰስ። የሰው ወለል ደግሞ በድንጋይ ከፍ ብሎ በደንብ ይመረግ፤ ሲሚንቶ የቻለ ሲሚንቶ ያድርገው። ሙጀሌ የሚራባው በተሰነጣጠቀና አቧራ በሞላበት ወለል ነው።

ሽንት ቤቱ ከጕድጓድ ውኃ ወይም ከምንጭ 30 ሜትር ያላነሰ ርቆ፣ ከውኃውም በታች ባለው ቍልቍለት በኩል ይቆፈር፤ ክዳን ይኑረው። ዓይንማዝ የሚያዛምተው ዝንብ የሚፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ ዐይነ ምድር ላይ ነው። መንገዱ በዝናብ ሌሊት ልጅ ፈርቶ የማይመለስበት ይሁን።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ያስቸግራል። ስለዚህ አናጢው ከመምጣቱ በፊት ቦታውን ጠርጋችሁ በገመድና በካስማ ለኩ፤ ግድግዳው በሚያርፍበት ሁሉ አመድ በትኑ። በር ያለበትን ክፍት ተዉት። ከዚያ እናትየዋ ጀሪካን ይዛ ትግባ፤ ልጁም ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ሽንት ቤት ይሂድ። የሚጋጩበትን ቦታ ያን ጊዜ ታዩታላችሁ፤ አመድ ደግሞ በመጥረጊያ ይነሣል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌያችሁ የተመደበችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ጥሩና አመዱን አሳይዋት።

ገመዱና አመዱ እነሆ በደጅ ተዘጋጅቷል። የ40 ቆርቆሮውን ቤት እዚሁ ግቢ ውስጥ እናሥምረው። አባወራዎች ካስማውን ያዙልን። እማማ፣ ወገቤን ያመኛል ያሉኝ እርስዎ፣ ጀሪካኑን ይዘው በማድ ቤቱ በር ይግቡልን፤ ምድጃው የት ጋ ይሁን?