ስለ ትንንሽ ውሾች ፀጉር ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



የለመድነው የጎንደር ውሻ ፀጉሩ አጭር ነው፤ በራሱ ይረግፋል። የፑድል ዘር ያለበት ትንሽ ውሻ ግን ፀጉሩ ብዙም ሳይረግፍ ያድጋል፤ ካልተበጠረና ካልተቆረጠ ይቋጠራል፣ ከሥሩ ቆዳው ይቆስላል፣ ቁንጫም ይሸሸግበታል። ታዲያ ቁንጫ በዛ ብሎ ላምባ መቀባት ምን ይሉታል? ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ድርብ ፀጉር ያለውን ሙልጭ አድርጎ መላጨትም ለደባርቅ ብርድ አሳልፎ መስጠት ነው።

አጭር ፀጉር ያላቸው ወላጆች ፀጉራም ቡችላ ቢወልዱ እናቲቱን አትሟት! የረጅም ፀጉር ዘር በሁለቱም ተሰውሮ ይኖራል።

ዋናው ነገር፣ ረጅም ፀጉር የንክሻ ቁስል ይሸፍናል። ስትበጥሩ ንክሻ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ውሻውን አስራችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ቡችላም በ3 ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ።