ደወሉ ከጮኸ በኋላ



ስለ እሳት አደጋ መከላከያ መሣሪያ በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው «ጠቋሚው ጢሱን ይይዛል ወይ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2019 የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል በተቃጠለበት ዕለት ጠቋሚው ሥራውን ሠርቶ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ምልክቱ በመቈጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ታየ። መልእክቱ ግን የቦታ ስምና ረጅም መለያ ቍጥር የተቀላቀለበት ነበር፤ በኋላ በጋዜጦች እንደ ተዘረዘረው፣ ዘበኛው የተላከው ወደ ዋናው ሕንፃ ጣሪያ ሳይሆን በአጠገቡ ወዳለው ዕቃ ቤት ነው። በዚያም እሳት አላገኘም። ስሕተቱ ታውቆ ሦስት መቶ ያህል ደረጃ ተወጥቶ እሳቱ እስኪገኝ ድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ አለፈ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የተጠሩት ከዚያ ወዲያ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሹሉ ማማ ወደቀ።

ዘበኛውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን የተዛባ ይሆናል። ሥርዐቱ የተነደፈው ሰው አስቀድሞ ሄዶ እንዲያይ፣ አይቶም እንዲጠራ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የባሉጥ እንጨት በተሞላው ጣሪያ ውስጥ ውሃ የሚረጭ መሣሪያም ሆነ እሳቱን የሚገታ ግድግዳ አልነበረም። በጢሱና በውሃው መካከል የቆመው የአንድ ሰው ንባብና የአንድ ሰው እግር ብቻ ነበር።

ስፕሪንክለር የሚባለው ውሃ ረጪ ይህን መንገድ ያሳጥራል። አሜሪካዊው ሄንሪ ፓርመሊ በ1874 የፈጠራ መብት ያገኘበትን መሣሪያ የተከለው በገዛ የፒያኖ ፋብሪካው ውስጥ ነው፤ ንብረቱን የሚሳሳለት ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። በዛሬዎቹ ዘንድ የቧንቧውን አፍ የሚዘጋው ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ብርጭቆ ናት። ቀይዋ በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትሰበራለች፤ ውሃውም ይለቀቃል። ኤሌክትሪክ አያሻውም፤ ሰሌዳ የሚያነብ ሰውም አይጠብቅም። አንዱ ሲከፈት ሁሉም ተከፍተው ሕንፃውን ያጥለቀልቁታል የሚለው ስጋት በተለመደው ዐይነት ላይ መሠረት የለውም፤ የሚከፈተው ሙቀቱ የደረሰበት ብቻ ነው። ይልቅስ የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ የከተማው ውሃ በሚቋረጥበት ስፍራ የራሱ ማጠራቀሚያና ፓምፕ የሌለው ስፕሪንክለር የኮርኒስ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

በአውቶቡስም ጕዳዩ ያው ነው። ሞተሩ ከኋላ ከሆነ ሾፌሩ ጢሱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ተሽከርካሪዎች በሞተሩ ክፍል ውስጥ ግፊት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ይዘረጋል፤ ነበልባል ሲነካው ይፈነዳል፣ ግፊቱ ሲወርድም የማጥፊያው ጠርሙስ ይከፈታል። መጠቆሙና ማጥፋቱ አንድ ድርጊት ሆነ ማለት ነው።

በዲሴምበር 2024 እንደ ገና የተከፈተው የኖትር ዳም ጣሪያ ዳግመኛ በባሉጥ እንጨት ተሠርቷል። በእንጨቱ መካከል ግን ውሃን እንደ ጉም አድቅቆ የሚረጭ ቧንቧ ተዘርግቷል።