የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየምም ይጻፍ



ተመራቂዎች፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ እያጠናችሁ ነው የኮምፒውተር ደህንነት ፈተናውን ሴኩሪቲ ፕላስን ያለፋችሁት። ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲውና የሳይበር ዕዙ መቀመጫ ፎርት ሚድ አለ። በዙሪያው ያሉት ኮንትራክተሮች ግን ከሰርቲፊኬቱ ሌላ ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ፣ ይጠይቃሉ።

ክሊራንስ በግል አመልክቶ ወይም ከፍሎ የሚገኝ አይደለም። የአሜሪካ ዜግነት ይዛችሁ ስትገኙ፣ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ወይም ኮንትራክተር ነው የሚያስጀምርላችሁ። «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ኪሳችሁን ጠብቁ።

ከዚያ ኤስኤፍ 86 የሚባለው ቅጽ ይመጣል። እኛን የሚያስጨንቀን እሱ ነው፤ የቤትህን ጉዳይ ለባዕድ አታውራ እየተባልን አይደል ያደግነው? ቅጹ የ10 ዓመት አድራሻችሁን፣ በ7 ዓመት ውስጥ የሄዳችሁባቸውን አገሮች፣ የወላጆቻችሁንና የወንድም እህቶቻችሁን የልደት ቀን ይጠይቃል። አዲስ አበባ በስማችሁ የተገዛ ኮንዶሚኒየም ካለ፣ ኪራዩን አጎት ቢሰበስበውም ይጻፋል። አገር ቤት ላሉት እናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ገንዘብም እንደዚሁ።

ባሕር ማዶ ዘመድ መኖሩ ብቻውን ሰው አይጥልም። ውሳኔ ሰጪዎቹ በ13 መመዘኛዎች የሰውየውን አጠቃላይ ሕይወት ነው የሚያዩት። የተቆለለ ዕዳ ግን ብዙ ሰው ጥሏል። ሜሪላንድ በ2023 የፈቀደችው ማሪዋናም ፌዴራል መርማሪ ፊት አያስከብርም (ወላጆች፣ ይህን ለጎረቤት ልጅ ነው የምናገረው)። ከሁሉ የሚከፋው መደበቅ ነው፤ አውቆ ሐሰት መጻፍ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

«ይህን ሁሉ ገመናዬን ሰጥቼ ማን ይጠብቅልኛል?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ እንደሆነው፣ እነዚሁ ቅጾች ከፌዴራሉ የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ተሰርቀዋል። የ21.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ ነው የሄደው፤ ከዚያ ውስጥ 5.6 ሚሊዮኑ አሻራቸውም ተወስዷል። የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ አሻራን ማን ይቀይራል? ሰርጎ ገቦቹ የተጠቀሙት የአንድ ኮንትራክተር ሠራተኛን መግቢያ ነበር። ነገ እናንተ የምትቀመጡት እንዲህ ባለው ሠራተኛ ወንበር ላይ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያሰለቸው ባልደረባ «ለዛሬ ብቻ አጥፉልኝ» ሲላችሁ እንቢ የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ ክሊራንሱም የሚሰጣችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀጣሪ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። የኖራችሁባቸውን ቤቶች ከነወሩ መዝግቡ፣ የቆየ ዕዳ ካለባችሁ ከአበዳሪው ጋር ተነጋግራችሁ መክፈል ጀምሩ። አገር ቤት ደውላችሁም የእናታችሁን የልደት ቀን ጠይቁ፤ በእኛ አቆጣጠር ከነገሯችሁ ወደ ፈረንጁ መመለሱን አትርሱ።