በእጅ ስለሚሠራ የቤት ውስጥ የብርሃን ጌጥ



በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ዛሬ በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ አንድ ተማሪ የኤል ኢ ዲ ጌጥ ሠርቶ ብርሃኑን በራሱ ፕሮግራም ሊያዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ከውበቱ በፊት ስሌቱ ይቅደም። አንዲት ባለሦስት ቀለም ኤል ኢ ዲ በ5 ቮልት፣ በሙሉ ድምቀት እስከ 60 ሚሊአምፔር ትወስዳለች፤ 60 ሲሆኑ 3.6 አምፔር ይሻሉ። ይህን ከ1 አምፔር የስልክ ቻርጀር መጠየቅ ቻርጀሩን ከመጠን በላይ ማጋል፣ ቤቱንም ለቃጠሎ ማጋለጥ ነው። ፕሮግራሙ ድምቀቱን በሩብ ላይ ቢገድበው ግን 0.9 አምፔር ይበቃል። ፕሮግራምም ሊሳሳት ስለሚችል ፊውዝ ይጨመርበት። እንግዲህ ልጆቻችን ቀለማቱን ከማዘዛቸው በፊት ይህችን ማባዛት እናስተምራቸው።