ድምፅን ከቪዲዮ መለየት፣ በብሮውዘር ውስጥ

የቪዲዮ ፋይል አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የተለመደው ኤምፒ4 እንደ መያዣ ሲሆን፣ በውስጡ ምስሉና ድምፁ ለየብቻ ተጨምቀው ይቀመጣሉ። ድምፅን ማውጣት የድምፁን ክፍል ከመያዣው ለይቶ ራሱን የቻለ ፋይል ማድረግ ነው።

ይህ ሥራ ቀድሞ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ይጠይቅ ነበር። ከታወቁት አንዱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። በ2019 የድረ ገጽ ይፋዊ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ዌብአሴምብሊ ደግሞ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ብሮውዘር ውስጥ እንዲሠሩ አስችሏል።

አወጣጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድምፁን እንዳለ መቅዳት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ጥራቱም አይቀንስም። ሁለተኛው ወደ ኤምፒ3 መለወጥ ነው፤ ድምፁ እንደገና ስለሚጨመቅ ከጥራቱ የተወሰነ ይቀንሳል። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የተጨመቀ የአንድ ሰዓት ድምፅ 58 ሜጋባይት ያህል ይሆናል።

ሥራው ብሮውዘሩ ውስጥ ሲከናወን ፋይሉ ከመሣሪያው አይወጣም። አንዳንድ ድረ ገጾች ግን ፋይሉን ወደ ራሳቸው ሰርቨር ይወስዳሉ። የቤተሰብ ወይም የሥራ ምስጢር ያለበት ቪዲዮ ከመጫኑ በፊት ይህን ማጣራት ያስፈልጋል።